ሽንቱንና ዐይነ ምድሩን መቋጠር ለተሳነው ልጅ የሚደረግ እንክብካቤ



ለየቲሞች የሚደረገው ድጋፍ በአብዛኛው የሚቆጠረው በደብተር፣ በዩኒፎርም፣ በወር ቀለብና በትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እነዚህ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራሉ። በመዝገብ የማይሰፍር፣ አሳዳጊዎችም ሲያነሡት ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት አንድ ጉዳይ ግን አለ። «ልጁ መኝታው ላይ ይሸናል»፣ «ልጅቷን ልብሷ ላይ ያመልጣታል» የሚለው ነው። ነገሩ አሳፋሪ ተደርጎ ስለሚታይ ሳይነገር ይቆያል፤ ሳይነገር ስለሚቆይም ልጁን ከቤት እስከማስወጣት ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ከነርሶችና ከሐኪሞች የተማርነውን፣ በመድረሳችንም ያየነውን በአንድነት ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የሟች ወንድማቸውን ልጅ እጁን ይዘው ወደ መድረሳችን መጡ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። «ለሌላ ዘመድ ልሰጠው ነው፤ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አምስት ልጆች በአንድ ክፍል ነው የሚተኙት። ፍራሹ በሰበሰ፣ ቤቱ ሸተተ፣ ባለቤቴም መረረው» አሉን። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። አባቱ ከሞተ ወዲህ የኖረበት ሁለተኛ ቤት ይህ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሦስተኛ ሊፈለግለት ነው።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ልጅ ላይ እኛም ጥፋት ነበረብን። ልብሱ ሽንት ሽንት ስለሚል ከሌሎቹ ለይተን ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ አስቀምጠነው ነበር። አንዳንድ ማለዳም «ታጥበህ ና» ብለን ከደጅ መልሰነዋል። ከቀትር በኋላ ውሃ የሚባል ነገር በአፉ እንደማያደርግ ስንሰማ ደግሞ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው» ብለን አሞግሰነዋል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የባሰ ስሕተት እንደ ነበር የተረዳነው በኋላ ነው።

ከአክስቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እዚያ ያገኘናት ነርስ ስለ ሽንቱ ከመጠየቋ በፊት አስተኝታ ሆዱን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያም «ለመጨረሻ ጊዜ ሰገራ የወጣው መቼ ነው?» አለች። አክስቱ ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን። ልጁ ራሱ ቀስ ብሎ «ሐሙስ» አለ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ሌሊት የሚሆነው ምንድን ነው?

ኩላሊቶቻችን ደማችንን እያጣሩ ሽንትን ያዘጋጃሉ። ሽንቱ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወርዶ በሽንት ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል። ፊኛ የሚለጠጥ የጡንቻ ከረጢት ሲሆን መሙላት ሲጀምር በነርቮች አማካይነት ለአንጎል ያስታውቃል። አንጎልም ቦታው እስኪመች ድረስ በሩን ዘግቶ ያቆየዋል። የአንድ ልጅ ፊኛ ምን ያህል እንደሚይዝ ለመገመት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ የልጁን ዕድሜ በአንድ ጨምሮ በ30 ማባዛት ነው። በዚህ መሠረት የሰባት ዓመት ልጅ ፊኛ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም።

በሌሊት ጤናማ በሆነ አካል ውስጥ አንጎል ሽንትን የሚቀንስ ቫዞፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ከቀን ይልቅ አብዝቶ ያመነጫል። በአንዳንድ ልጆች ይህ ሆርሞን ሌሊት በበቂ ስለማይወጣ ሽንቱ እንደ ቀን ይበዛል። በሌሎች ደግሞ ፊኛው ሳይሞላ ይኮማተራል፤ ወይም የሚይዘው ጥቂት ነው። በሁሉም ዘንድ የሚገኘው ነገር ግን የፊኛው መልእክት ልጁን ከእንቅልፉ ለማንቃት አለመቻሉ ነው። እንግዲህ ልጁ ከእነዚህ በአንዱም ላይ ፈቃድ የለውም። «ሰንፎ ነው፣ መነሣት ጠልቶ ነው» የሚለው አነጋገር ሐሰት ነው፤ ተኝቷልና።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሌሊት ቢሸና እንደ ሕመም አይቆጠርም። በአምስት ዓመታቸው ከመቶ ልጆች ወደ 15 የሚሆኑት፣ በዐሥር ዓመታቸው ደግሞ 5 ያህሉ መኝታቸው ላይ ይሸናሉ፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበዛሉ። በየዓመቱም ከእነዚህ ልጆች መካከል ከመቶ 15 ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና ይተዉታል። ስለዚህ አምስት ልጆች በሚተኙበት ክፍል አንዱ ቢያረጥብ የሚያስገርም ነገር አይደለም።

ነገሩ በዘር መውረዱም የታወቀ ነው። ከወላጆቹ አንዱ በልጅነቱ ይሸና የነበረ ከሆነ በልጁ ላይ የመታየቱ ዕድል ከመቶ 40 ያህል ይሆናል፤ ሁለቱም ከነበሩ ደግሞ ከ70 ያልፋል። አባት ያለው ልጅ ይህን ከአባቱ አፍ ይሰማል። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ ከዚያ ተወኝ» ይባላል፤ ግማሹ ሸክም በዚያች ቃል ይወርድለታል። የቲም ግን ይህን የሚነግረው የለም። ነርሷ ስለ ቤተሰቡ ስትጠይቅ አክስቱ ጥቂት አሰቡና «ወንድሜ... አባቱ... እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ድረስ...» ብለው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ልጁን አዩት። ልጁም ቀና ብሎ አያቸው። ከአባቱ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ይመስለን ነበር። አጎቶች፣ አክስቶችና አያቶች ሆይ፣ የምታውቁት ካለ ለልጆቹ ንገሯቸው።

ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ደርቆ ካደረ በኋላ እንደ ገና የጀመረ ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው። የወላጅ ሞት፣ ከቤት ወደ ቤት መዛወር፣ በትምህርት ቤት መደብደብ ይህን ሊያመጣ ይችላል። ሆኖም «ሐዘኑ ነው» ብሎ መደምደም አይገባም፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሽንቱ መመርመር አለበት።

የሆድ ድርቀት የተደበቀ ጠንቅ ነው

ነርሷ ሆዱን ለምን እንደ ዳሰሰች ያን ጊዜ አልገባንም ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ከፊኛው ኋላ ተጠግቶ ይገኛል። ደረቅ ሰገራ በዚያ ሲጠራቀም ፊኛውን ይጫነዋል፤ መያዝ የሚችለውን ያሳንሰዋል፤ ያለ ጊዜው እንዲኮማተርም ያደርገዋል። ውሃ ባለመጠጣት ሽንቱን አስቀርለሁ ያለው ልጃችን ሰገራውን አደረቀ፤ ሰገራው ፊኛውን ተጫነ፤ ሽንቱም ባሰበት። እኛ ደግሞ እንዲህ ሲያደርግ «ጎበዝ» እንል ነበር።

ድርቀቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። አንድ ቀን ሲወጣ ያመዋል። በማግሥቱ ያንን ሕመም ፈርቶ ይይዘዋል። የተያዘው ሰገራ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይጠጥራል፤ ሲወጣ ከፊተኛው ይልቅ ያማል። ልጁ በር ኋላ ሲደበቅ፣ እግሩን አጣምሮ ሲቆም፣ በጣቱ ጫፍ ቆሞ ፊቱ ሲቀላ የምታዩት ለማስወጣት ሲታገል ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ለመያዝ ሲታገል ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በታች ብቻ መውጣት፣ እንደ ጠጠር መድረቅ ወይም እጅግ መወፈር፣ ሲወጣም ማመም ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው።

የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤቶችም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው። በር የሌለው፣ ውሃ የሌለው፣ ትልልቅ ልጆች የሚጠባበቁበት መጸዳጃ ቤት ያለበት ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ ይይዛል፤ ሴቶቹማ የበለጠ። ስለ ውጤታቸው የምንጠይቅ ሰዎች ስለዚህም ብንጠይቅ መልካም ነበር። ትንንሾቹ ደግሞ ሰፊ አፍ ያለው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወድቁ ይፈራሉ። ለእነርሱ ፖፖ ማቅረብ ወይም ጠባብ መቀመጫ ማበጀት ይበቃል።

ድርቀቱ ለወራት ሲቆይ የአንጀቱ መጨረሻ ይለጠጥና ስሜቱን ያጣል። ያን ጊዜ ቀጭኑ ሰገራ በደረቁ ዙሪያ እየሾለከ ሳይታወቀው ልብሱ ላይ ይወጣል። አሳዳጊ ይህን ሲያይ «ተቅማጥ ያዘው» ብሎ የተቅማጥ ማቆሚያ ይሰጠዋል፤ ወይም «ትልቅ ልጅ ሆኖ ሆን ብሎ» ብሎ ይቀጣዋል። ሁለቱም ይጎዱታል። ልጁ አልተሰማውም፤ ሽታውም አፍንጫው ስለ ለመደው ላይታወቀው ይችላል።

ሕክምናው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ የተጠራቀመው በሚያለሰልስ መድኃኒት ይጠረጋል፤ ለዚህም ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ወይም ላክቱሎስ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። ቀጥሎ በአነስተኛ መጠን ቢያንስ ለሁለት ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቀጥላል፤ የሚቀነሰውም ልጁ አንድ ወር ሙሉ ያለ ችግር ከቆየ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። አብዛኛው አሳዳጊ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት ውስጥ ሆዱ ሲለሰልስ «ዳነ፣ መድኃኒት እንዳይለምድበት» ብሎ ያቆማል። የተለጠጠው አንጀት ግን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ሳሙና በውሃ በጥብጦ ከታች መስጠት የአንጀቱን ሽፋን ያቃጥላልና መተው አለበት። የጉሎ ዘይትም ሆድ ይቆርጣል፤ ልጁንም ዳግመኛ መጸዳጃ ቤት ያስፈራዋል።

ምግብን በሚመለከት ያለን ሀብት ጥቂት አይደለም። የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ በሶ፣ ፓፓያና ብርቱካን አሰር አላቸው። ተፈጭቶ በውሃ የተበጠበጠ ተልባም ይረዳል። ነገር ግን አሰር ያለ ውሃ ድርቀትን ያብሳል፤ የተጠራቀመውንም ምግብ ብቻውን አይጠርገውም።

ከአንጀት አሠራር የተማርነው ሌላም ነገር አለ። ምግብ ሆድ ውስጥ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከቁርስና ከእራት በኋላ ልጁ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ መጸዳጃ ቤት ይቀመጥ፤ ቢወጣም ባይወጣም አይገሠጽ። ቁጢጥ ማለት ለዚህ ተስማሚ አቀማመጥ ነው፤ በመቀመጫ የሚጠቀም ልጅ ግን እግሩ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ በርጩማ ወይም ድንጋይ ይደረግለት። ጠዋት ለትምህርት በሚሯሯጥበት ሰዓት ይህ አይሆንም፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መቀስቀስ ያስፈልጋል።

የቀኑና የሌሊቱ እንክብካቤ

ነርሷ ለአክስቱ አንድ ደብተር እንዲያዘጋጁ ነገረቻቸው። በአንድ በኩል ልጁ የጠጣበትን ሰዓትና መጠን፣ የሸናበትን ሰዓት፤ በሌላው በኩል ሌሊቱ ደረቅ ወይም ርጥብ መሆኑን፤ ከታች ደግሞ ሰገራ የወጣበትን ቀን መጻፍ ነው። መጠኑን ለመለካት የሁልጊዜውን የውሃ ኩባያ መጠቀም ይቻላል። ይህን ሁለት ሳምንት የጻፈ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ግማሹን ምርመራ ይዞ ሄደ ማለት ነው። አክስቱ ፊደል ስላልቆጠሩ ልጁ ራሱ ይጽፍ ጀመር። በመድረሳ የተማረውን ዐረብኛ ፊደል ተጠቅሞ «ደረቅ» እና «ርጥብ» ብሎ ምልክት ያደርግ ነበር።

ውሃ አይከልከል፤ ሰዓቱ ይለወጥ። ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከአንድ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል፣ ከ9 እስከ 13 ዓመት ላለ ደግሞ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ቢጠጣ፣ ከምሽት በኋላ ጥቂት ብቻ ቢቀር ይበቃል። ሻይ፣ ቡናና ለስላሳ መጠጥ ማታ አይሰጡት። በቀን በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሊተኛ ሲልም የመጨረሻ አድርጎ ይሽና። ሳይቸኩል ፊኛውን አሟጦ እንዲጨርስ ጊዜ ይሰጠው።

በዚህ ላይ ስለ ረመዳን አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ለአቅመ አዳም ባልደረሰ ልጅ ላይ ጾም ግዴታ እንዳልሆነ ይታወቃል። ብዙዎቹ ግን ከታላላቆቻቸው ጋር ለመጾም ይጓጓሉ፤ ጉጉታቸውም የሚወደድ ነው። ነገር ግን በጾም ወር የመጠጥ ሰዓት ይገለበጣል፤ ቀን የማይጠጣው ሁሉ ከመግሪብ እስከ ሱሑር ይጠጣል። መኝታው ላይ ለሚሸናና ሆዱ ለሚደርቅ ልጅ ይህ ሁለት እጥፍ ፈተና ነው። እንዲህ ላለው ልጅ መድኃኒቱን እስኪጨርስ ድረስ አለመጾሙን እኛ አስተማሪዎች በግልጽ ልንነግረው ይገባል፤ ከአሳዳጊው ይልቅ ከእኛ ሲሰማው ይቀበለዋልና።

ሌሊት ቀስቅሶ ማሸናትን ብዙዎች እንደ መድኃኒት ያዩታል። መኝታው እንዲደርቅ ይረዳል እንጂ ልጁን ከችግሩ አያድነውም። የሚያድነው ልጁ በራሱ ፊኛ መልእክት መንቃትን ሲለምድ ነው። ለዚህ የተሠራ የማንቂያ ደወል አለ፤ የመጀመሪያዋ የሽንት ጠብታ ስትነካው ይጮኻል፤ ለብዙ ሳምንታት በትዕግሥት ሲሠራበት ከሦስት ልጆች ሁለቱን ያህል ይረዳል። ዐሥራ አራት ሌሊት በተከታታይ ደርቆ እስኪያድር ድረስ አይቆምም። አምስት ልጆች በሚተኙበት ክፍል ግን ሁሉንም ስለሚቀሰቅስ ለሁሉ ቤት አይሆንም። ሽንትን የሚቀንስ ዴስሞፕሬሲን የተባለ መድኃኒትም አለ። ይህንን የሚወስድ ልጅ ከመውሰዱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ጀምሮ ከወሰደ በኋላ ስምንት ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ውሃ መጠጣት የለበትም፤ አለዚያ በደሙ ያለው ጨው ቀንሶ ለአደጋ ይጋለጣል። ስለሆነም ያለ ሐኪም ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት አይገባም።

ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር ይበዛል። ፍራሹ በላስቲክ ይሸፈን፤ ከላዩ አንሶላ፣ ከአንሶላው በላይ የታጠፈ አሮጌ ጨርቅ ይነጠፍ። ሌሊት ሲረጥብ ጨርቁ ብቻ ተነሥቶ ይለወጣል። ቅያሪ ልብስና ፋኖስ ወይም ባትሪ ከራስጌው ይቀመጥለት፤ ጨለማውን ፈርቶ ርጥቡ ላይ የሚተኛ ልጅ ብዙ ነው። ጠዋት ገላው በውሃ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፤ ቆዳው ከቀላ ቫዝሊን ይቀባ። ጨርቁን ለማጠብ ማገዝ ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን እንደ ቅጣት አይሁን። ፍራሹን ተሸክሞ ሰው ፊት እንዲያወጣ የሚያስገድዱ አሳዳጊዎች እንዳሉ ሰምተናል። እንዲህ ያለው ነገር ሽንቱን አያቆመውም፤ የሚያቆመው ልጁ ከእናንተ ጋር መነጋገሩን ነው።

ለሴት ልጅ ተጨማሪ ትምህርት ያስፈልጋታል። ስትታጠብም ሆነ ስትጠርግ ከፊት ወደ ኋላ መሆን አለበት፤ ከፊንጢጣ አካባቢ ያሉ ተሐዋስያን ወደ ሽንት መውጫ ሲዛወሩ ኢንፌክሽን ያመጣሉና። ይህንን የሚያስተምራት ሴት ትሁን። እናት የሌላት ልጅ ይህን ሳይነግራት የሚያልፍ ዓመት ብዙ ነው።

ጠሃራን በተመለከተ

ልጁ ከሱብሒ ሶላት የሚቀረው ለምን እንደሆነ ጠይቀነው ነበር። «ነጃሳ ነኝ» አለን። ይህ ቃል ከእኛ ትምህርት የተወሰደ ነው፤ በትክክል ግን አልተማረውም። ሽንት መላ ሰውነትን መታጠብን አያስገድድም። ሽንት የነካው አካል ይታጠባል፣ ልብሱ ይለወጣል፣ ውዱእ ይደረጋል፤ በቃ። በብርድ ሌሊት «ጀናባ ነህ» ብለው ልጁን ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥቡ አሳዳጊዎች የማያስፈልግ ጭካኔ ይፈጽማሉ። ለአቅመ አዳም የደረሰ ጎረምሳ በእንቅልፍ ልቡ የሚያየው ግን ሌላ ጉዳይ ነውና ልዩነቱን አስተማሪው ለብቻው ያስረዳው። አንሶላውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አያጠራውም፤ በውሃ መታጠብ አለበት። መስገጃው ከመኝታው ርቆ ይቀመጥ።

አንድ የበረሃ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ መሽናት ሲጀምር ሶሃቦች ሊያስቆሙት መነሣታቸው፣ እርሳቸውም እስኪጨርስ ተዉት ብለው ከዚያ በኋላ አንድ ባልዲ ውሃ በቦታው እንዲፈስ ማዘዛቸው በሶሒሕ ዘገባዎች የታወቀ ነው። ለአዋቂ ሰው፣ ያውም በመስጊድ ውስጥ፣ የተደረገው ይህ ነበር። እኛ ግን ዘጠኝ ዓመት ያልዘለለውን ልጅ ከበሩ መልሰነው ነበር።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም

ልጁ አብዝቶ ከተጠማ፣ አብዝቶ ከሸናና ከከሳ በዚያው ቀን ይወሰድ፤ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ቢዘገይ ሕይወቱን ያሳጣዋል። ትኩሳትና የጎን ሕመም፣ ሲሸና ማቃጠል፣ በሽንቱ ደም መታየት፣ ሆዱ ተነፍቶ አረንጓዴ ማስመለስ፣ በሰገራው ደም መኖር፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳይሸና መቆየት ሁሉ የሚያስቸኩሉ ናቸው። ቀን ከሌት ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ሽንት፣ የእግር መስነፍ፣ በታችኛው ወገቡ ላይ እብጠት ወይም የፀጉር ቁጥቋጦ መታየት ከአከርካሪ ነርቭ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል በሆስፒታል ይመርመር። ከተወለደ ጀምሮ ሆዱ የሚደርቅ፣ በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥም ሰገራ ያልወጣው ሕፃን እንዲሁ።

ልጁ አስታማሚ ሲሆን

እስካሁን የተናገርነው ስለሚታመሙ ልጆች ነው። ሌላው ገጽታ ግን ከዚህ የከበደ ሆኖ አግኝተነዋል። አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ተማሪያችን እየቀነሰች መጥታ ቀረች። ቤቷ ስንሄድ አሳዳጊ አያቷ ከአልጋ ከዋሉ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። ሽንታቸው በካቴተር ይወጣል፤ የሚያገላብጣቸው፣ የሚያጥባቸው፣ ከረጢቱን የሚደፋው እርሷ ብቻ ነበረች። ከረጢቱ በትራሱ አጠገብ ተሰቅሎ አየነው። ልጅቷ ይህንን ያደረገችው መሬት እንዳይነካ ብላ ነው፤ ሐሳቧ መልካም ነበር፣ ነገር ግን ማንም አላስተማራትም።

ካቴተር ያለበትን ሰው የሚያስታምም ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ በአልጋው ጎን ይንጠልጠል፤ ከፍ ካለ ሽንቱ ተመልሶ ወደ ፊኛው ይገባና ኢንፌክሽን ያመጣል። መሬትም አይንካ። ቱቦው አይጠማዘዝ፣ አይጎተት፣ በጭን ላይ በፕላስተር ይያዝ። ከመንካት በፊትና በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከረጢቱ ከሦስት እጁ ሁለቱ ሲሞላ ይደፋ። ቱቦው የገባበት ዙሪያ በየቀኑ በውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። ካቴተሩን የሚለውጠው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው። ሽንቱ መፍሰሱን አቁሞ የታችኛው ሆድ ከተነፋ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ታማሚው መቀባዠር ከጀመረ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከአልጋ የዋለ ሰው ሆዱም ይደርቃል፤ ከመተኛቱና ውሃ ከማነሱ የተነሣ ነው። ሐኪም ካልከለከለ ውሃ አዘውትሮ ማቅረብ፣ ከምግብ በኋላ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ ይጠቅማል። በሰገራና በሽንት ርጥበት ላይ መቆየት ቆዳን ስለሚያቆስል ወዲያው ይታጠብ፣ ሳይፈተግ በቀስታ ይድረቅ፤ በየሁለት ሰዓቱም ጎን ይለወጥ። ይህን ሁሉ አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሌሊትና ቀን ልትሠራው አትችልም፤ አካላቸውን ማንሣቱ ወገቧን ይጎዳል፣ ትምህርቷም ቀርቷል።

አያትየው የሚያሳስባቸው ሌላ ነበር፤ «ሽንቴ ሳይቋረጥ እየፈሰሰ እንዴት ልስገድ?» እያሉ ያለቅሳሉ። በዘንድሮ ዕድሜያቸው ያለ ሶላት መሞትን ፈሩ። ሽንቱ የማይቋረጥበት ሰው የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ተጸዳድቶ ለዚያ ሶላት ውዱእ ካደረገ የሚፈሰው ሶላቱን እንደማያበላሽበት፣ ተኝቶም በምልክት መስገድ እንደሚችል አስረዳናቸው።

ስለ ልጅቷ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተነጋገርን። ሁለት ጎረቤቶች የጠዋቱን ማጠብና ማገላበጥ ወሰዱ፤ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ሴቶቹን እጃቸውን ይዛ አሳየቻቸው። ልጅቷ የከሰዓቱን ትረዳለች፤ ጠዋት ጠዋት ትማራለች።

ልጁስ? አሁንም ከአክስቱ ጋር ነው። መድኃኒቱን ስምንት ወር ወሰደ። ሰገራው በሁለተኛው ወር ተስተካከለ፤ ሽንቱ ግን በአንድ ጊዜ አልቆመም። መጀመሪያ በሳምንት ሁለት ሌሊት ደረቅ ሆነ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስድስት። በክረምቱ ብርድ አንዳንዴ አሁንም ያመልጠዋል። የሚቀመጠው ከፊት ባለው ረድፍ ነው። ደብተሩን መጻፍ ያቆመው ባለፈው ዓመት ሲሆን ለአክስቱ ሲመልስላቸው ገጾቹ ገና አላለቁም ነበርና ታናሿ ልጃቸው ፊደል እየጻፈችበት አገኘናት።